ቀይ ስፌት በሰማያዊ ፓራፋንጎ

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው የባጃጅ ፓራፋንጎ በብብቱ ይዞ ገባና ደጃፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ያው ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው፣ ጭቃ የሚከላከለው ፕላስቲክ ነው። ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት አሁን አመድ መስሏል። ገልበጥ አደረግሁት። ከውስጥ በኩል፣ ከደረቀው ጭቃ ሥር፣ ቀይ መስመር ብልጭ አለ። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ፈቀቅ ሳደርገው እጄ እዚያው ቀረ።

«ምነው? አይሠራም እንዴ?» አለኝ ሰውዬው።

«ይሠራል። ነገ ከሰዓት ና» አልኩት።

ሌላ ምን ልበለው? ይህን ቀይ መስመር የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ቀዩ የሳፋ ስባሪ ነው፣ ሳፋው የማን እናት ቤት እንደተሰበረም አውቃለሁ ልበለው? ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ ሲመጣ የሚፈልገው ዕቃውን ነው፤ የሠሪዋ ታሪክ ምኑ ነው። ለአንቺ ግን ልንገርሽ። አንቺ ሰሚ ነሽ፤ እኔም ዛሬ ሆድ ብሶኛል።

ይህን ሥራ ቤታችን ያስገባው አባቴ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ደርቆ ቀረ። ጣቶቹ አይታጠፉም። ግራውም ቢሆን ማንኪያ ከመያዝ አያልፍም። እናቴ ከዚያ በፊት አርፋለች። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ተማሪዎች ነበሩ። እኔ ደግሞ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የዋልኩ፣ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ቆንጆ ነበርኩ። አትሳቂ፣ ቆንጆ ነበርኩ!

ደባርቅን ታውቂያታለሽ። ብርዷ ሰው ብቻ ሳይሆን ፕላስቲክም ይሰብራል። ጠዋት ጉሙ ከአስፋልቱ ሳይነሳ ባጃጅ ከድንጋይ ጋር ትንሽ ከተነካካ ፓራፋንጎው እንደ ደረቀ ቂጣ ነው የሚሰነጠቀው። አዲስ እገዛለሁ ያለ ጎንደር ድረስ መውረድ አለበት። አባቴ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ፊታቸው የተሰበረ ባጃጆች ሲያልፉ ያይ ነበርና አንድ ቀን ጠራኝ።

«የሞተው እጄ ነው፤ ጭንቅላቴ አልሞተም» አለኝ። «እኔ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ትሠሪያለሽ።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ግቢያችን ውስጥ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል፣ የከሰል ምድጃ አቀጣጠልን። የፌሮ ቁራጭ በእንጨት እጀታ ከተን እናግላለን። እሱ መደቡ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ እኔ ተንበርክኬ እሠራለሁ። መጀመሪያ ፓራፋንጎው በሳሙና ይታጠባል፤ ደህና አድርጎ ይደርቃል። ከዚያ የስንጥቁ ጫፍ ላይ በጋለ ወስፌ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። «ስንጥቅ መሮጫውን ካልዘጋሽበት አያቆምም» ይለኝ ነበር። ቀጥሎ ሁለቱን ከንፈር ገጥሜ፣ ከውስጥ በኩል የሽቦ ወንፊት ቁራጭ አስተኝቼ፣ ከላዩ ሌላ ፕላስቲክ እያቀለጥኩ እሰፋዋለሁ። ስፌት የምንለው በክርና በመርፌ ሳይሆን በእሳት ነው።

ዋናው ነገር ግን ዘመዱን ማወቅ ነው። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ትንሽ ቆርጠሽ ስታቃጥይው ሻማ ሻማ የሚሸት አለ፤ ጥቁር ጭስ አውጥቶ ጉሮሮ የሚዘጋ አለ። ሻማ የሚሸተው ከዚያ ከጥቁሩ ጋር በጭራሽ አይያዝም። አባቴ ለዚህ አንድ ተረት ነበረው፤ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይልና ይስቃል። «ያለዘመዱ የሰፋሽው ላዩ ያምራል፤ አንድ ጉድጓድ እስኪገባ ነው!»

ሽታው ጠጉሬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ብታጠብ ብታጠን አይለቅም። ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆሙ ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጉ ነበር። አንዷማ ለሌላዋ «ይቺ ልጅ ቤቷ ተቃጥሎ ነው?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እቴ፣ ግድም አልነበረኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራውን እወደው ነበር። የተሰበረ ነገር እጄ ላይ ሲገጥም ደስ ይለኝ ነበር። አባቴም መደቡ ላይ ሆኖ «ይበል! ይበል!» ሲለኝ፣ የዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ አባት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያ የሳፋው ልጅ፣ ባለባጃጁ፣ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የጃናሞራ ልጅ ነው፤ ከመካነ ብርሃን በኩል። ረዘም ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። መጀመሪያ የመጣው የእውነት ተሰብሮበት ነበር። ሠራሁለት፤ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። ፓራፋንጎውን አገላብጬ አየሁትና ሳቄ መጣ። በግጭት የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ጠርዙ ይነጣል፤ ጠማማ መንገድ ነው የሚሄደው። የእሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ብናኝ አለው።

«ምን መታህ?» አልኩት።

«ድንጋይ።»

«ድንጋዩ ጥርስ ነበረው?»

አፉን በእጁ ሸፈነ። በመጋዝ ነበር የቆረጠው፣ የገዛ ባጃጁን! አባቴ መደቡ ላይ ሆኖ ሳል ሳለ፤ ሳቅ ይሁን ሳል ያን ጊዜ አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ ሰበብ አላጣም። አንዴ ስፖኪዮው፣ አንዴ የፍሬቻው መሸፈኛ፣ አንዴ የጓደኛው ባጃጅ ሙሉ ፊት። ለበዓል አገሩ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ አንድ ነገር በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ሰው ከጃናሞራ ሲመለስ ማር ያመጣል፤ ቅቤ ያመጣል። እሱ የተሰበረ ቀይ ሳፋ አመጣልኝ።

«እናቴ ቤት ተሰብሮ ነው» አለኝ። «ለሥራሽ ይሆናል ብዬ።»

ያንን መንገድ አታውቂውም። ዕቃ ሳይሆን ሰው የሚፈረካከስበት መንገድ ነው። እሱ ግን ስባሪው እንዳይሰበር ታቅፎት ነው የመጣው። ከጫፉ ትንሽ ቆረጥኩና አቃጠልኩት፤ ሻማ ሻማ ሸተተ። «ዘመዱ ነው» አልኩ፤ ከፓራፋንጎው ጋር ይሄዳል ማለቴ ነው። «ሰማያዊ ላይ ቀይ ያስጠላል እንጂ።»

«ከውስጥ በኩል አድርጊው» አለኝ። «ሰው አያየውም። እኔ እንዳለ አውቀዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

ያን ቀን የሰፋሁት ነው ዛሬ እጄ ላይ የገባው።

ክረምት እንደገባ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ነገረኝ። በዋዜማው አባቴ እራት ላይ «ትፈልጊዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁም፤ በእኛ አገር ሴት ልጅ ዝም ካለች ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ያውቃል። የራሱን እጅ ገልበጥ አድርጎ አየውና «እሺ፣ ይምጡ» አለ።

ሽማግሎቹ መጡ። የንስሐ አባታችንም ነበሩ። ጠላ ቀርቦ፣ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ተወርቶ፣ ነገሩ ሲነሳ እንደ ደንቡ ዘር ይቆጠር ተባለ። ሰባት ቤት ካልራቁ አይጋቡም፤ ይህን ማንም ያውቃል። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው እሰማለሁ። የእሱ ወገን ወደ ላይ ቆጠረ፤ የእኛም አባት አያት እያለ ቆጠረ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ሁለቱም ሐረግ መካነ ብርሃን የነበረ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ላይ ወደቀ። እሱ ከነጋዴው ከመጀመሪያ ልጁ ይወለዳል፤ እኔ ከመጨረሻው።

«አምስት ቤት» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «አይሆንም።»

ከልጁ ወገን አንዱ ተሟገቱ። «እስቲ አንቸኩል» አሉት አባቴን። «እዚያው መካነ ብርሃን የእርስዎ አጎት አሉ አይደለም? ዘር ቆጠራ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ልከን እንጠይቅ።»

የአባቴ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ረጋ ያለ፣ ያዘነ ድምፅ ነበር። «ክረምት ነው። መንገዱ አይቻልም፤ ሽማግሌ ማስቸገር ምን ያደርጋል?» አለ። አከለበትም፤ «ደም ነው እንግዲህ። ምን ይደረጋል?»

የንስሐ አባታችንም «እግዚአብሔር ለሁለታቸውም ሌላ ያዘጋጃል» ብለው መረቁና ተነሡ። ነገሩ በዚህ አለቀ። እንግዶቹ ጠላቸውን እንኳ አልጨረሱም።

እኔ ያን ሰሞን ምን እንዳደረግሁ ትጠይቂኛለሽ? ሠራሁ። ምድጃው ላይ ተንበርክኬ ፕላስቲክ አቀለጥኩ። ጭሱ ለእንባ ይመቻል፤ ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አይልሽም። አንድ ነገር ብቻ እየተመላለሰ ያቃጥለኝ ነበር፤ ፕላስቲክ ዘመድ ካልሆነ አይያያዝም፣ ሰው ደግሞ ዘመድ ከሆነ አይያያዝም። ይህን ሕግ ማን አወጣው እያልኩ ከፌሮው ጋር አወራ ነበር።

እሱ አንድ ጊዜ መጣ። የተሰበረ ነገር አልያዘም። በሩ ላይ ቆመና «እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ?» አለኝ።

እህቴ! ደንቡ ነው፤ ዘመድ መሆናችን ታውቋላ። አባቴንም «አጎቴ» አለው። አባቴ «ግባ ልጄ፣ ቤትህ ነው» አለው። ገብቶ ተቀመጠ፤ ዳቦ ቆረስኩለት። ሁላችንም በዳቦው ላይ አቀርቅረን በላን። እግዜር ያሳይሽ፣ እንዲህ ያለ እራት በልቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት አምባ ጊዮርጊስ ላይ አገባ። የእህል ነጋዴ ልጅ ናት። እኛም ተጠራን፣ በዘመድ ወገን። ስሚኝ እንግዲህ፤ ሰርጉ ላይ የሙሽራው እህት ተብዬ ከፊት ቆምኩ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ እልል በይ ተባልኩ፤ እልል አልኩ። የቀሚሷን ጫፍ ከጭቃ አነሳሁላት። ጥሩ ልጅ ናት፤ አንድም ክፉ ነገር አልወጣትም። ጠጉሬን ስማ «የምን ሽታ ነው፣ እህቴ?» ብላ ሳቀች። እሱ ግን ሽታውን ያውቀዋል። ወደ እኛ አላየም።

አባቴ ከሙሽራው ወገን ትልቅ ሰው ሆኖ በክብር ተቀምጦ ነበር። ምርቃት ሲደርስ ቆመ። ያችን የደረቀች እጁን ዘርግቶ «ውለዱ፣ ክበዱ፤ ቤታችሁን ስንጥቅ አያግኘው» ብሎ መረቀ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ባለባጃጁ ባጃጁን ሸጦ አምባ ጊዮርጊስ እህል ንግድ ገባ። ሰማያዊው ፓራፋንጎ ከነቀይ ስፌቱ ከሰው ሰው እየተላለፈ ደባርቅ ውስጥ ሲዞር ኖረ። እኔም ኖርኩ። ጠያቂ አልጠፋም ነበር፤ አንዱ ከዳባት መጣ፤ አስተማሪ ነው። ሰው ልቡ ከቀዘቀዘ ግን እንደ ብርድ የመታው ፕላስቲክ ነው፤ ነካ ሲያደርጉት ይሰበራል። እምቢ አልኩ። አባቴ አንድም ቀን «ለምን?» ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ይህን እንደ ደግነት ቆጠርኩለት።

ታናናሾቼ በዚያ ምድጃ ተማሩ፤ አንዱ ጎንደር ነው፣ አንዱ ባሕር ዳር። ለበዓል ይደውላሉ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የአባቴ አጎት ለሕክምና ከመካነ ብርሃን የወረዱት። እኚያው «ሽማግሌ ማስቸገር ምን ያደርጋል?» የተባለላቸው። ቤታችን አረፉ። አንድ ቀን እሳቸውና አባቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ሥራዬን እየሠራሁ፣ የድሮ ነገር ያወራሉ። ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ ቃሉን እያላመጡ ነው የሚናገሩት።

«ይህ ጎበዝ የሚባለው የበቅሎ ነጋዴ» አሉ፣ «ደግ ሰው ነበር ይሉታል። በክፉ ቀን ከመንገድ የወደቀ ሕፃን አንሥቶ፣ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጥብቶ፣ የጡት ልጄ ነህ አለው። እኛ እኮ የዚያ ሕፃን ዘር ነን።»

የያዝኩት ፌሮ ፓራፋንጎው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ፕላስቲኩ ማር መስሎ ፈሰሰ።

«የመጨረሻው ልጁ ማለት ነው?» አልኩ።

«አዎ እንግዲህ፣ የመጨረሻው። ከሱ በኋላ አልተወለደለትም። የአብራኩ ልጅ አይደለም፤ ደሙ ሌላ ነው።»

«ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?»

ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ አባቴ ጠቆሙና በፍቅር ሳቁ። «ይሄ አባትሽ! ልጅ ሳለ እኔው ነኝ ያጫወትኩት። ያንኑ ተረት ንገረኝ እያለ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።»

አባቴን አየሁት። እሱ እጁን ነበር የሚያየው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። እኔ መጮህ እንኳ አልቻልኩም። ሽማግሌው ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ በእንግዳ ፊት አባት አይዋረድም ብዬ ዝም አልኩ። ምግባቸውን አቀረብኩ፤ እግራቸውን አጠብኩ። መኪና አሳፍሬያቸው የተመለስኩ ዕለት ግን በቀጥታ መደቡ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግቢው በር አዞረ።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር ወይ? እዚያው አብረሃቸው ተቀምጠህ ሲቆጥሩ፣ ታውቅ ነበር?»

አልካደም። ምናለ ቢክደኝ! ረሳሁት ቢለኝ፣ የጡት ልጅም ልጅ ነው ብዬ ነው ቢለኝ፣ አምነው ነበር እኮ። የሚያሳምነኝ ነገር አጥቶም አይደለም። ቀና ብሎ ምድጃውን አየ፣ የተደረደሩትን ስባሪዎች አየ፣ መጨረሻ ላይ እጄን አየ።

«ማን ሊሠራው ነበር?» አለኝ።

ይቅርታም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልጠበቅሁ። ምናልባት የንስሐ አባታችን ያኔም ቢጠየቁ የጡት ልጅም ልጅ ነው፣ አይሆንም ይሉ ነበር፤ አላውቅም። ቄሶችም በዚህ ይከራከራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ግን አልተጠየቁማ! አንዲት ቃል ነበረች፣ አባቴ አፍ ውስጥ ነበረች፤ ከጠላው ጋር ዋጣት። ከዚያ ሄዶ ሰርጉ ላይ ቆሞ መረቀ። ይህን ነው የማልረሳው። ሌላውን እንኳ እተወው ይሆናል፤ እጁ የደረቀ አባት፣ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ምድጃ፤ ፈርቶ ነው፤ ገብቶኛል። ምርቃቱ ግን እስከ ዛሬ አንጀቴ ላይ ነው።

ለባለባጃጁ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? አምባ ጊዮርጊስ ሦስት ልጆች አሉት፤ አክስቴ ይሉኛል። በዓል ሲሆን ከእናታቸው ጋር መጥተው ይስሙኛል። ዘመዳቸው አይደለሁም ብል ማን ይጠቀማል? እንኳን ዘመድ፣ ምንም አይደለሁም እኮ።

ዛሬ ሰውዬው ከሄደ በኋላ ፓራፋንጎውን አጠብሁት። አዲሱ ስንጥቅ በሌላ በኩል ነው፤ ቀዩ ስፌት ንቅንቅ አላለም። በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ጠበቅ ብሎ ይዟል። ፌሮውን አግዬ ሥራዬን ጀመርኩ። አባቴ እንደ ወትሮው መደቡ ላይ ነው። ዓይኑ ከሄደ ቆየ፤ ሞራው ሸፍኖታል። አፍንጫው ግን ዛሬም ሾፌር ነው፤ ሽታውን ተከትሎ አንገቱን አዞረ።

«የምንድን ነው?» አለ።

«የባጃጅ ፓራፋንጎ።»

«ዘመዱን አየሽው?»

እጄ ላይ የነበረው ፌሮ ቀዘቀዘብኝ። «አየሁት፣ አባዬ» አልኩ። «ድሮ ነው ያየሁት።»

የሰማ ይመስለኛል። ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል መነሣት ጀምሮ ነበር።

«በረደኝ፤ አስገቢኝ» አለና እጁን ዘረጋ።

ትንሽ አቆየሁት። አልደብቅሽም፣ እጁን አየር ላይ አቆየሁት። ያቺ የደረቀች እጅ፣ ያቺ የመረቀች እጅ፣ ባዶውን እየዳበሰች ትፈልገኛለች። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ከዚያ የራሴን እጅ በቀሚሴ ጠረግሁና ያዝኩት። ጣቶቹ አይታጠፉምና እሱ ሊይዘኝ አይችልም፤ የምይዘው እኔ ነኝ። ቀስ ብለን ወደ ቤት ገባን።

ማን ሊይዘው ነበር?